ክሊፕ የለሽ

ከሮላ አደባባይ ጀርባ፣ ሦስት በአራት በሆነች ሱቅ፣
ብስክሌት እንደ ሙክት ብልት ከጣሪያ ተሰቅሎ ሲደርቅ፣
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ፣
ቢጁ ካርቶን ዘርግፎ "በየዓይነቱ ለይ" አለ።

ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ነው።
መርገጫ ለእኔ ያው መርገጫ፣ የሚረገጠው።

አንዱ ጠፍጣፋ፤ በሸበጥም ትረግጠዋለህ፣
ስትፈልግ ወጥተህ ስትፈልግ ትወርዳለህ።
ሁለተኛው ከፊቱ የሽቦ ቅርጫት፣ ጠፍርና ዘለበት፣
የእግርህን ጣቶች ሰደህ የምታጠብቅበት።
"ይኼ ክሊፕ ነው" አለኝ። እሺ፣ ገባኝ።
ሦስተኛው ነው ጉድ የሠራኝ፦
ይችን የምታህል የብረት አፍ፣ ከነምላሷ፣
ጫማህ ሥር የታሰረውን ቁራጭ ቀጭ አድርጋ ነክሳ፣
ካልጠመዘዝካት በቀር የማትለቅ።
"የዚችስ ስም?" አልኩት።
"ክሊፕ የለሽ" አለኝ፣ ሳይስቅ።

"ቢጁ፣ ቋንቋው ጠፍቶኝ ይሆናል፣
ነክሶ የሚይዝ ነገር የለሽ እንዴት ይባላል?"
እጁን በጨርቅ ጠረገ።
"ድሮ ክሊፕ ማለት ቅርጫቱ ነበር። እሱን የሚያስቀር ሲመጣ፣
በሌለው ነገር ስም ወጣ።"

ይሄ እንኳ አልገረመኝም። በእኛ ሰፈር
አባት የለሽ የሚባል ሽማግሌ ነበር፣
ሰባት ልጅ ወልዶ፣ ሃያ የልጅ ልጅ አይቶ፣
እስከ ቀብሩ ድረስ ባጣው ሰው ተጠርቶ።

ችግሩ ደንበኛ ነው።
ግብፃዊው "ክሊብ" ሲል የቱን ማለቱ ይሆናል?
ሮሜል ቁራጩንም ጫማውንም ክሊት ይላል፤
አንዱ ካርቶን ላይ ኤስ ፒ ዲ፣ ሌላውም ላይ ኤስ ፒ ዲ፣ ጭራ ብቻ ተጨምሮ፣
አንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ሦስት፤
ጫማው ለአንዱ ዘመድ፣ ለሌላው ባዳ ሆኖ ተፈጥሮ።

ኸልፋን የሚባል ልጅ መጣ አንድ ምሽት።
"ክሊፕ ያለው" አለ። ክሊፕ ያለው ሰጠሁት።
ቅርጫቱን አገላብጦ እስኪያነባ ሳቀ፣
"ይሄ የአያቴ ነው!" ቢጁ ከባንኮኒው ወዲያ ተሳቀቀ።
ክሊፕ ያለው ሲል የለሹን ኖሯል ለካ።
ገጠምኩለት፣ ወጣ፤ መብራቱ ቀይ ሆኖ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣
ቆሞ ሳለ ዘፍ አለ በጎኑ፣ ከነብስክሌቱ፣
ተነክሰው እንደቀሩ እግሮቹ ሁለቱ።
"ተረከዝህን ወደ ውጭ!" እያልኩ ሮጥኩ፣
በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ።

አባቴ የእንጅባራ ፈረሰኛ ነው። እርካቡ ቀለበት ናት፣
አውራ ጣት ብቻ የምትገባባት።
"እግርህን በሙሉ አትስጠው" ይላል፣ "አንድ ጣት ይበቃዋል፤
የወደቅህ ለት፣ ሙሉ እግር ከሰጠኸው ይጎትትሃል።"

እኔ የመጣሁበት ወረቀት "ፍሪ ቪዛ" ይባላል።
ነፃ።
ዘጠኝ ሺህ ድርሃም ከፍዬ ሦስት ሺህ ይቀረኛል።
ከፊሌን ሙሉውን አይቼው አላውቅም፣ ፊርማው ብቻ ይደርሰኛል፣
በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ
ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

ዓርብ ዕለት ማርከር አንሥቼ ሣጥኖቹን አጠመቅኳቸው፦
ባዶ። እርካብ። ነካሽ። በአማርኛ ጻፍኩባቸው።
አሁን ሮሜል "ነካሽ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ" ብሎ ያዛል፣
ፐ የሌላት ስለሆነች ግብፃዊው እንኳ ወዷታል፣
ቢጁ ደግሞ "ናካሽ" ይላል፣ ዋጋ ሲጨምር።

ለወረቀቴ ግን ስም አላወጣሁም።
ማታ፣ ለስምንት በምንተኛበት ክፍል፣ የላይኛው አልጋ ላይ፣
ተረከዜ ወደ ውጭ ይጠመዘዛል፤ እኔ አላዘውም።